ድንጋይና ማዳመጫ በአንድ አንገት

ባለፈው ጥቅምት፣ አንድ አርብ ጠዋት፣ ወደ አርብ ገበያ በሚወስደው መንገድ ዳር መሪጌታ ልሳነወርቅ ከተቀመጡበት ድንጋይ ተነሥተው ሰላም አሉኝ። እኔ አልመለስኩም።

ዜናው ይኸው ነው። ማን፣ መቼ፣ የት፣ ምን የሚሉት ጥያቄዎች መልስ አግኝተዋል። የቀረው «ለምን» ነው፤ እሱ ደግሞ እንደ ልማዱ ከሌሎቹ ሁሉ የበለጠ ቦታ ይፈልጋል።

መጀመሪያ ስለ ሰላምታ። እናንተ በፎቅ ቤት የምትኖሩ አንባቢዎቼ፣ ከጎረቤታችሁ ጋር በአንድ አሳንሰር ስትወጡና ስትወርዱ የየራሳችሁን ጫማ እያያችሁ እንደምትቆሙ አውቃለሁ። አልፈርድባችሁም፤ እኔም ጫማዬን ከሚያዩት ወገን ነኝ። ጋይንት ላይ ግን እንዲህ አይደለም፤ ወደ ስማዳ ብትወርዱ፣ ወደ እስቴ ብትሻገሩም ያው ነው። እዚያ ሰላምታ ሲሰጥ የሚጠየቀው ሰውዬው ብቻ ሳይሆን ሚስቱ፣ ልጆቹ፣ ከብቱ፣ አዝመራውና የመጣበት አገር ጭምር ነው። ለሁሉም መልሱ አንድ ነው፤ እግዚአብሔር ይመስገን። በሬው ትናንት ገደል የገባበት ገበሬ እንኳ መጀመሪያ «እግዚአብሔር ይመስገን» ይልና ነው ወደ በሬው የሚመጣው። ይህ መልስ ለጋዜጠኛ አይረባም፤ አንድም መረጃ የለበትም። ሲቀር ግን ትልቅ ዜና ነው። «የእግዜር ሰላምታ ነሳኝ» የሚለው ክስ በዚያ አገር ድንበር ከመግፋት ቢብስ እንጂ አያንስም። ድንበር የገፋ ሰው ቢያንስ ጎረቤት እንዳለው ያውቃል።

ይህን ሳላውቅ ቀርቼ አይደለም፤ ተወልጄ ያደግኩበት ነው። ጥፋቱ የመጣው ከሥራዬ ነው።

ብዙ ዓመት በዘጋቢነት ሠርቻለሁ። ከስሜት ይልቅ ማስረጃን የምከተል ሰው ነኝ ብዬ አስባለሁ፤ ባልደረቦቼ ደግሞ ደረቅ ይሉኛል። የቃላት ልዩነት ነው። ለእረፍት ወደ እህቴ ቤት ልሄድ ስዘጋጅ የጋዜጣችን አዘጋጅ አንድ ካርቶን ጠረጴዛዬ ላይ አስቀመጠ። በውስጡ ገመድ አልባ የጆሮ ማዳመጫ ነበር፤ በአናት ላይ ዞሮ ሁለቱንም ጆሮ እንደ ድስት ክዳን የሚከድነው ዓይነት። «ፋብሪካው ካርቶኑ ላይ የጻፈውን እንዳትገለብጥልኝ» አለ። «ሰው በሚኖርበት ቦታ ሞክረው። ለዘወትር ሙዚቃና ለስልክ ይሆናል፣ አይሆንም? አንባቢ የሚፈልገው እሱን ብቻ ነው።»

ሞከርኩት። ከነፋስ መውጫ ወደ አርብ ገበያ በሚወስደው አውቶቡስ ላይ ሾፌሩ የከፈተውን ዘፈን፣ ከኋላዬ በተቀመጡት ሴትዮ እቅፍ ያለችውን ዶሮና የሞተሩን ጩኸት አንድ ላይ አጠፋልኝ። ጎኑ ላይ ያለችውን ቁልፍ ስትጫኗት የውጭው ዓለም እንደ ጭስ ይበተናል። ዶሮዋ አፏን ስትከፍት አያለሁ፤ ድምፅ የለም። ይህችን ቁልፍ ወደድኳት። መውደድ ስሜት ነው ትሉኝ ይሆናል፤ እኔ ግን የተሞከረ እውነት ብዬ መዘገብኩት።

ሙዚቃው ላይ የማማርረው ጥቂት ነው። መሲንቆው ክሩ ሲታሽ እስኪሰማ ድረስ ጥርት ይላል። ከበሮው ግን ከሚገባው በላይ ይደልቃል፤ ዘፋኙን ገፍቶ ከፊት ይቆማል። ለረጅም ሰዓት ሲያደርጉት ጆሮ ያልባል። ስልኬን ቤት ትቼ ወደ በረቱ ስሄድ ዘፈኑ ከእኔ ጋር እስከ ግቢው መሀል ይመጣና የድንጋዩ ካብ ጋ ሲደርስ ይንተባተባል። ባትሪው ታማኝ ነው፤ መብራት በጠፋባቸው ቀናት እንኳ አላሳፈረኝም። የስልኩ ነገር ትንሽ ይለያል። ደዋዩ እንደ ጎን ለጎን ሰው ይሰማል፤ የእኔ ድምፅ ግን ነፋስ ሲኖር ይጠፋል። ነፋስ መውጫ ከተማ ቆሜ ለባልደረባዬ ብደውልለት «ወንዝ እየተሻገርክ ነው እንዴ?» አለኝ። ስሙ ነፋስ መውጫ የሆነ ከተማ ላይ ማይክሮፎን መፈተን ለፋብሪካው ትንሽ እንደሚከብድ አምናለሁ፤ ቢሆንም መዘገቡን መዘገብኩት።

የእረፍቴ ሌላ ምክንያት የእህቴ ልጅ ደሳለኝ ነበር። በአርብ ገበያ አስተማሪ ነው። ትርንጎን ይወዳል። ትርንጎም አስተማሪ ናት፣ ግን መካነ ኢየሱስ፤ ደብረ ታቦር ሲማሩ ነው የተዋወቁት። ሠርጉ ለጥር ታስቧል፤ ያልታሰበው አባቷ እሺ የሚሉ እንደሆነ ነው። «አባቴ እንቢ ካለ እኔ የለሁበትም» ብላዋለች፤ እሱም ያምናታል። አባቷ ደግሞ መሪጌታ ልሳነወርቅ ናቸው።

የኔታን ለማታውቁ ባጭሩ። ቤተልሔም ገዳም ድጓ አስመስክረው፣ አገራቸው ተመልሰው ወንበር የዘረጉ መምህር ናቸው። የአባቴ ባልንጀራ ነበሩ። ተማሪ ከሩቅ ጎጆው ውስጥ ሆኖ አንዲት የዜማ ምልክት ቢስት፣ እሳቸው ከደጃቸው ሆነው ምላሳቸውን ጠቅ ያደርጋሉ፤ ተማሪው ይመልሳታል። ጆሯቸው ማረሻቸው ነው። ባለፈው ዓመት ከወገዳ የመጡ ሽማግሎች ልጃቸውን ሲጠይቋቸው እርስ በርስ እየተቀዳደሙ ስለተናገሩ «መጀመሪያ ተደማመጡ» ብለው መልሰዋቸዋል። ለደሳለኝ የተመረጥነው ሽማግሎች ሦስት ነን፤ የነፍስ አባታችን ቄስ አዳነ፣ የአባቴ ያጎት ልጅ አያ ሞላ፣ እና እኔ። እኔን የመረጡኝ ቁጥብ ሰው ስለሆንኩ ነው ብላለች እህቴ። ቀኑም ለማክሰኞ ተቆርጧል።

እንግዲህ አርብ መጣ።

በጥቅምት አንድ አጥንት ይላሉ፤ አጥንቱን ስላጣሁ ጋቢዬን ከነማዳመጫው እስከ ቅንድቤ ድረስ ተከናንቤ ወጣሁ። መንገዱ ሁሉ ገበያተኛ ነበር፤ ጤፍ የጫነ አህያ፣ በግ የሚጎትት፣ ቅቤ በቅል ያዘለች። ፀሐይዋ ፊት ለፊት ዓይኔ ውስጥ ገብታለች። ቁልፏን ተጫንኳት። ያ ሁሉ ገበያተኛ ድምፁን አጣ፤ አንድ የድሮ ትዝታ ብቻ ቀረ። ዘፈኑን በቃሌ ስለማውቀው አብሬ ዘፈንኩ፤ በከንፈሬ ብቻ። ድምፅ አላወጣሁም፤ ድምፄ ምን እንደሚመስል በቂ መረጃ አለኝ። ራሴን እየነቀነቅኩ፣ ፈገግ እያልኩ፣ መንገድ ዳር ካለው ከአንድ ነጭ ጥምጥም አጠገብ አለፍኩ። ነጭ ነገር መኖሩን ዓይኔ አይቷል። የማን እንደሆነ አልጠየቀም።

ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው ይባላል። የእኔማ በክዳን የታሸገ ባዳ ነበር። ስለዚህ ወሬዬ ከተማውን ዞሮ፣ ጠጅ ቤት አረፍ ብሎ፣ እህቴ ቤት ሲገባ እኔ ገና የማዳመጫውን ትራስ በጨርቅ እየወለወልኩ ነበር። ወሬውን ይዞ የመጣው አያ ሞላ ነው። ዱላውን ከደጃፍ አስደግፎ ገባና እህቴን «እንዴት ዋልሽ፣ ደህና ነሽ፣ ላሟ ደህና ናት» አላት። ደሳለኝን ሳመው። ድመቷን ሳይቀር በእግሩ ዳበሰ። እኔን ዘሎ ተቀመጠ።

«አያ ሞላ፣ ምነው?» አልኩት።

«ያየሁትን ነው የማደርገው» አለ። «አዲስ ደንብ የወጣ መስሎኝ።»

ከዚያ ዘረገፈው። ከኋላዬ አህዮቹን እየነዳ ነበር አሉ። የኔታ ከቤተ ክርስቲያኑ መታጠፊያ ተቀምጠው ሲያዩኝ ተነሡ። በዚያ ዕድሜያቸው። ነጠላቸውን አስተካክለው «እንዴት አደርክ ልጄ፣ መቼ ገባህ፣ አገሩ ደህና ነው» አሉኝ። እኔ እንደ ሠጋር በቅሎ ራሴን እየወዘወዝኩ፣ ጥርሴን እያሳየሁ አለፍኳቸው። የኔታ ቆመው ቀሩ። አያ ሞላ ደርሶ ሰላም ቢላቸው ራሳቸውን ነቅንቀው ብቻ ወደ ቤተ ክርስቲያኑ ግቢ ገቡ።

«ዕድሜ ልክህን ሰው ስታናግር ኖረህ ለሰላምታ ሰነፍክ?» አለች እህቴ። ሌላ አልጨመረችም። የእኛ ቤት ሴቶች ሌላ የማይጨምሩት ነገሩ ሲከብድ ነው።

ደሳለኝ ማዳመጫውን አንሥቶ ቁልፏን አየና «ጋሼ፣ ይቺ በርታ ነበር?» አለኝ።

«በርታ ነበር።»

«በቃ የኔታን ብሎክ አድርገሃቸዋል» አለና ግድግዳው ላይ ተደገፈ። አልሳቀም። ፊቱን ሳይ ነገሩ የማዳመጫ ግምገማ መሆኑ እንዳበቃ ገባኝ። ይህ ልጅ ማክሰኞን ሲጠብቅ ነው የከረመው።

ነገሩ እሑድ ባሰ። ወቅቱ ጽጌ ነው፤ ማሕሌቱን የኔታ ናቸው የሚመሩት። የዚያን እሑድ ግን፣ ከማሕሌቱ የወጣ ሁሉ እንደሚለው፣ መቋሚያቸውን ተደግፈው ዝም ብለው ቆመው አደሩ። አላረሙም። ምላሳቸውን ጠቅ አላደረጉም። አንዱ ደብተራ ከሚገባው ቀድሞ ዜማ ቢያነሣ እንኳ ዝም አሉት። ከቤተ ክርስቲያን እስከ ገበያው የተሰጠው ትንታኔ አንድ ነበር፤ የኔታ አዝነዋል፣ ያሳዘናቸውም ያ የአዲስ አበባው ነው። ወሬ ሲነግሩህ ሐሳብ ጨምርበት እንደሚባለው ሐሳብ ልጨምርበት ሞከርኩ። የሚጨመር አጣሁ። ምስክር አለ፣ ቦታና ጊዜ ይገጥማል፣ ተጠርጣሪው አምኗል። እኔ ብሆን አትመው ነበር።

«የተጣላኸውን ሰው ልጅ አትጠይቅም» አለ አያ ሞላ ሰኞ ማታ ተሰብስበን ስንመክር። «መጀመሪያ ይቅርታ፣ ከዚያ ጋብቻ። ማክሰኞ ጠዋት ድንጋይ ተሸክመህ ትገባለህ።»

ልማዱን የማያውቅ ካለ፣ በእኛ አገር የበደለ ሰው ድንጋይ ማጅራቱ ላይ አድርጎ፣ አጎንብሶ የበደለው ሰው ደጅ ይቆማል። «አውርድ» እስኪባል አያወርድም። ድንጋዩን የመረጠልኝ አያ ሞላ ነው። ትንሽ ይሁንልኝ ብል «ለማን ሰላምታ እንደሆነ አስታውስ» አለኝ። ከደጅ ልንወጣ ስንል ደግሞ ቆም ብሎ አየኝና፣ «ያንን ነገርህንም አምጣው፤ ዋናው ጥፋተኛ ቤት ቀርቶ ተባባሪው ብቻ አይቀርብም» አለ።

እንግዲህ ማክሰኞ ጠዋት የታየው ሥዕል ይህ ነው። ጥምጥማቸውን ያሳመሩ አንድ ቄስ፣ ዱላ የያዘ አንድ ሽማግሌ፣ ማጅራቱ ላይ ድንጋይ፣ ከድንጋዩ በታች አንገቱ ላይ የውጭ አገር ማዳመጫ ያንጠለጠለ አንድ ጋዜጠኛ። የካርቶኑ ላይ ጽሑፍ «ቀኑን ሙሉ ሳይከብድዎ ያደርጉታል» ይላል። ስለ ማዳመጫው ትክክል ነው።

የኔታ ደጃቸው ላይ ተቀምጠው ነበር። ተማሪዎቹ ጎጆአቸው አፍ ላይ ድጓቸውን ዘርግተው በየራሳቸው ያዜማሉ፤ መምህሩ ግን ወደ እነሱ አልዞሩም። ሲያዩን ተነሡ። «ግቡ፣ ግቡ፤ ይህ ምንድን ነው?» አሉ ድንጋዩን አይተው።

ቄስ አዳነ ጀመሩላቸው። «የኔታ፣ ይህ ልጅ በድሎዎታል። በድሏል፤ አውቆ ግን አይደለም።»

«ምን በደለኝ?» አሉ የኔታ።

ይህን የሚሉት ለጨዋነት መሰለኝ። እዚያው አጎንብሼ፣ ዓይኔ መሬት ላይ ባለች አንዲት ጉንዳን ላይ እንደሆነ ዘገባዬን አቀረብኩ። አርብ ጠዋት፣ መታጠፊያው ላይ፣ ሰላም ብለውኛል። ይህ ጆሮዬ ላይ ነበር። የውጭ ድምፅ ይከለክላል። አልሰማሁዎትም፤ ስለዚህ አልመለስኩልዎትም።

ወደ እኔ ጎንበስ ብለው በጣም በቀስታ «አልመለስክልኝም?» አሉኝ።

«አልመለስኩም የኔታ።»

«ከንፈርህ ይንቀሳቀስ ነበር። ፈገግ ብለህልኛል።»

«ዘፈን ነበር፤ ይቅር ይበሉኝ። በሆዴ ነው የምዘፍነው።»

«ድምፅ አላወጣህም?»

«አላወጣሁም።»

«ሹክ አላልክም? ትንሽ እንኳ?»

«ምንም አላልኩም የኔታ።»

በሙያዬ ብዙ ሰው መርምሬ አውቃለሁ፤ እንዲህ ተመርምሬ ግን አላውቅም። ድንጋዩ እየከበደኝ መጣ። የኔታ ወደ አያ ሞላ ዞሩ። «አንተ ከኋላው ነበርክ። ድምፁን ሰምተሃል?»

«ምንም አልሰማሁም።»

«የሞላ ጆሮ ደህና ነው?» ብለው ቄስ አዳነን ጠየቁ።

«የሞላማ ያልተባለውንም ይሰማል» አሉ ቄስ አዳነ።

የኔታ ሳቁ። አጭር ሳቅ አልነበረም፤ ተቀምጠው፣ ጉልበታቸውን ይዘው የሳቁት ሳቅ ነው። ተማሪዎቹ ዜማቸውን አቁመው አዩአቸው። ከዚያ ራሳቸው ተነሥተው ድንጋዩን በሁለት እጃቸው ከማጅራቴ አወረዱልኝና «እግዚአብሔር ይስጥህ ልጄ፤ እግዚአብሔር ይስጥህ፤ መጥተህ ስለነገርከኝ» አሉኝ። ዓይናቸው ረጥቧል። ጥፋተኛ ይቅር ሲባል አይቻለሁ። ሲመሰገን ግን የመጀመሪያዬ ነው። አያ ሞላም ግራ ገብቶት ድንጋዩን እንደገና አየው፤ ድንጋዩ ነው ወይ እንዲህ ያደረገ የሚል ይመስላል።

እንግዲህ ብረቱ እንደጋለ አያ ሞላ ቆሞ ጉዳያችንን አቀረበ፤ ልጅዎን ለልጃችን። እናንተም እንደምታውቁት ልጅ በመጀመሪያ ቀን አይሰጥም። «ዘመድ ላማክር» ይባላል፣ ሌላ ቀጠሮ ይሰጣል፣ ሽማግሌ ተመላልሶ ጫማው ያልቃል። የኔታ ግን ደንቡን የረሱ መሰሉ። ማዳመጫውን ከአንገቴ እያዩ «በዚህ ነገር መደወል ይቻላል?» አሉ።

«ይቻላል።»

«እንግዲያ ልጅቱን ጠይቄ ልንገራችሁ። አሁን የእረፍት ሰዓቷ ነው።»

ቤተ ክርስቲያን ጉብታ ላይ ስለሚሠራ አጠገቡ ባለው የኔታ ግቢ ኔትወርክ ብዙ ጊዜ አይጠፋም፤ አገሩ ሁሉ ሊሳለም ሲመጣ በዚያው ይደውላል። ጥምጥማቸውን አወለቁ፣ እኔም ማዳመጫውን አጠለቅኩላቸው፤ ቁመናቸውን አላበላሸውም። ደወልኩ። ትርንጎ ስታነሣ ፊታቸው በራ። «ሁለቱም ጆሮዬ ውስጥ ነሽ» አሏት፤ «ስትተነፍሺ እንኳ እሰማለሁ።»

እዚህ ላይ አንድ የግምገማ ነጥብ። ጆሮው የተከደነ ሰው የራሱን ድምፅ ስለማይሰማ ይጮሃል። የኔታ ደግሞ ማሕሌት የሚመራ ድምፅ ነው ያላቸው። ለልጃቸው በሹክሹክታ የጠየቁ የመሰላቸውን ጥያቄ፣ የደሳለኝ ሰዎች ደጄ ቆመዋልና ልጁን ትወጅዋለሽ ወይ የሚለውን፣ ተማሪዎቹ ሁሉ ሰሙት። ከታች ምንጭ ውኃ የሚቀዱት ሴቶች ቀና ሲሉ አየኋቸው። አንዷ እንስራዋን አስቀምጣ መልሱን ጠበቀች።

መልሱን የምንሰማበት መንገድ አልነበረንም። የምናየው የኔታን ፊት ብቻ ነው። ፊታቸው መልስ ጠበቀ። ጠበቀ። «ዝም አለች» አሉ።

«ዝምታ እሺታ ነው!» አለ አያ ሞላ ፈጥኖ፤ ወደ ሴቶቹ ዞሮ እልል እንዲሉም እጁን አነሣ።

እኔ ስልኩን አየሁ። መስመሩ ተቋርጧል። ይህን እያወቅኩ ዝም ማለት እችል ነበር፤ የእህቴ ልጅ ደስታም በዚያች ዝምታ ላይ ተንጠልጥሏል። ግን ሥራዬ ነው። «የኔታ፣ ልጅቱ ዝም አላለችም፤ ኔትወርኩ ነው የሄደ» አልኩ። አያ ሞላ እግሬን ረገጠኝ። በጫማው ተረከዝ።

ስልኩ መልሶ ጠራ። አነሣሁላቸው። የኔታ ሰሙ፣ ራሳቸውን ነቀነቁ፣ እንደገና ሰሙ። ማዳመጫውን ቀስ ብለው አወለቁ።

«ምነው ይጮሃሉ፣ አስተማሪዎቹ ሁሉ ሰሙ፤ አሳፈሩኝ ነው የምትለኝ» አሉ።

«ስለ ልጁስ የኔታ?» አለ አያ ሞላ። ድምፁ ቀጥኗል።

«ስለ ልጁማ እሺ አለች። ‹እርስዎ ካሉ› የሚለውን በኋላ ነው የጨመረችበት።»

እልልታው ከምንጩ መጣ። እኛም ተቀመጥን፤ ጠላ ተቀዳ። የኔታ በመሀል ከአንዱ ጎጆ የሚመጣ ዜማ ሰሙና፣ ቀና ብለው ምላሳቸውን ጠቅ አደረጉ። ዜማው ቆመ፣ ተመለሰ፣ ተስተካከለ። ጠቅ ያደረጉባትን ምልክት እኔ አልሰማኋትም። እሳቸው ግን ጠላውን እስኪያስቀምጡ ድረስ ፈገግ እንዳሉ ነበሩ።

አዲስ አበባ ተመልሼ ግምገማዬን ጻፍኩ። ሙዚቃው ጥሩ፤ ከበሮው ይቀነስ። ባትሪው ታማኝ። ስልኩ ነፋስ በሌለበት ደህና፤ ተናጋሪው ግን ድምፁን ዝቅ እንዲያደርግ አስቀድሞ ይነገረው። የውጭ ድምፅ መከልከያው እጅግ ይሠራል፤ መንገድ ላይ ሰላም የሚላችሁ ሰው ካለ አትጠቀሙበት፣ ከሌለም አገራችሁን መርምሩ። አዘጋጁ የመጨረሻዋን ሐረግ ቆርጦ አወጣት። ስለ የኔታ የደመደምኩትም ይህንን ነበር፤ አንድ ደግ ሽማግሌ በደልን በምስጋና መለሰ፣ እኔም ዕድለኛ ሆኜ አመለጥኩ። ለእሳቸው ደግነት አመሰገንኩ። ደግነት ደግሞ ማስረጃ አይጠየቅበትም ብዬ ተውኩት።

በጥር ለሠርጉ ተመለስኩ። ለየኔታ አንድ ማዳመጫ ገዝቼ ወስጄላቸዋለሁ፤ ትርንጎ ስትደውል ብቻ ያደርጉታል፤ ጎረቤትም ያን ጊዜ የቤቱን ጉዳይ በሙሉ ያውቃል። ዳሱ ውስጥ ያስቀመጡኝ ከደብሩ አለቃ አጠገብ ነበር። ማን እንደሆንኩ ሲነገራቸው እጄን በሁለት እጃቸው ያዙ።

«የኔታን ወንበራቸው ላይ ያስቀረህልን አንተ ነህ?»

«ሰላምታ የነሳኋቸው እኔ ነኝ» አልኩ፤ ስህተት ካለ ይታረም ብዬ።

አለቃው እኔ በጥቅምት ልጠይቅ ሲገባኝ ያልጠየቅኩትን ነገሩኝ። ከክረምቱ ጀምሮ የኔታ አንድ ጆሯቸው ይጮህባቸው ነበር። ቀጭን ድምፅ እየራቀኝ ነው እያሉ ለማንም ሳይናገሩ ይሰጉ ነበር። ያን አርብ ጠዋት ከመንገድ ተነሥተው በቀጥታ የሄዱት ወደ አለቃው ዘንድ ነው፤ ተማሪዎቹን ለሌላ መምህር ስጡልኝ፣ ወንበሬን ለቅቄያለሁ ለማለት። አለቃው ሳምንት እንዲታገሷቸው ለመኗቸው። እሑድ በማሕሌቱ ያላረሙት የተሳሳተውንና ያልተሳሳተውን መለየቴን እንጃ ብለው ነው። ረቡዕ ጠዋት፣ ድንጋዬን ባወረዱ ማግሥት፣ መጥተው ቃላቸውን አነሡ።

«ታዲያ እኔ ሰላምታ ስለነሳኋቸው አላዘኑም?» አልኩ።

«ማን ነሳኝ ብለው?» አሉ አለቃው። «እኔ ጋ ሲመጡ ያሉኝ እንዲህ ነው፤ ‹ልጁማ ፈገግ ብሎ መለሰልኝ፤ ከንፈሩ ሲንቀሳቀስ በዓይኔ አይቻለሁ። የጠፋው የእኔ ጆሮ ነው።›»